ውሃውን ያስወጣው መልእክት

በየማለዳው፣ የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ወለል ከመወልወሉ በፊት፣ የክሎሪኑን ቆርቆሮ የምከፍተው እኔ ነኝ። ወለሉን የሚያጸዱት ሴቶቹ ናቸው፤ መጠኑን ግን ነርስ ትለካለች ስለተባለ ማንኪያው እኔ እጅ ነው ያለው። ክዳኑ ሲነሣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ። እኔ ግን ሳላስበው በረጅሙ እስበዋለሁ። በዚያች ቅጽበት ጎንደር ውስጥ አይደለሁም። ያደግሁባት ከተማ፣ ገንዳ ውሃ ነኝ። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ጸጉሬ ረጥቧል፣ ፀሐይ ጀርባዬን እየጠበሰኝ በሲሚንቶ ጠርዝ ላይ በደረቴ ተኝቻለሁ።

ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም። የአገሩን ሰዎች እንኳ ስነግራቸው፣ "ገንዳ ውሃ መዋኛ ነበረው? የት ቦታ?" ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ዛሬ ሄደው ቢፈልጉት አያገኙትም። ግን ነበረ። አራት ወር ያህል ነበረ።

ቆላን ያልኖረበት ሰው የዚያን አገር ሙቀት በወሬ አይረዳውም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ቀትር ሲያልፍ፣ የቤታችን ጣሪያ ማንም ሳይነካው ቋ ቋ ይል ነበር። ውሾች ከቆሙ ባጃጆች ሥር አይወጡም። እናቴ ወለሉን ውሃ ትረጭና እኔንና ታናናሾቼን ያለምንጣፍ በባዶው ሲሚንቶ ላይ ታስተኛናለች። ወንዶቹ ልጆች ወንዝ ወርደው ይዋኛሉ። እኛ ሴቶቹ ጀሪካን ልንሞላ ስንወርድ እግራችንን ነከር አድርገን እንመለሳለን። ያችን ታህል ነበር ድርሻችን።

አንድ ክረምት ወንዙ ድንገት ሞላና ከክፍላችን አንድ ልጅ ወሰደ። በሦስተኛው ቀን ታች ርቆ ተገኘ። አባቴ ያን ጊዜ የትምህርት ቤታችን መምህር ነበር፤ ልጁን ከፊደል ጀምሮ ያስተማረው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ውስጥ ተነሥቶ ቆመ። "ልጆቻችን ሙቀት ሸሽተው ሞት ውስጥ የሚገቡት ከዚህ በኋላ ይበቃል" አለ። "ለከተማችን ልጆች መዋኛ እንሠራለን። ውሃው ከደረት የማያልፍ፣ ጠባቂ ያለው።" የልጁ እናት እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል በሁለት እጁ ደግፎ አነሣት። እኔ ከሴቶቹ መሐል ቁጭ ብዬ አየሁት። በዚያ ቀን አባቴን እንዴት እንደወደድሁት፣ እንዴትስ እንደኮራሁበት፣ ዛሬም ቃል አላገኝለትም።

ቃሉን አልረሳም። የከተማውን ሰው ሰብስቦ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢውም እሱ ሆነ። ግንባታውን ለአንድ ተቋራጭ ሰጡ። የሰሊጡ አጨዳ እንዳለቀ ሥራ የፈቱ ትራክተሮች አፈሩን ይጎትቱ ጀመር። እኛ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከወንዙ ዳር ጠጠር በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላን ተሸከምን። የሞተው ልጅ እናት ለሠራተኞቹ በእንስራ ውሃ ታመጣ ነበር። አባቴ ማታ ሲመጣ ጫማው በጥቁር አፈር ተለውሶ፣ ፊቱ አቧራ ለብሶ፣ እንደ ልጅ እየሳቀ ነው።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳያልቅ ነው ዋናተኛው የመጣው። ስም ነበረው፤ ከተማው ግን ከዋናተኛው ሌላ የሚጠራበት አልነበረውም። ገና ጎረምሳ ሳለ ለእርሻ ሥራ ሱዳን ተሻግሮ፣ ኋላ ካርቱም ውስጥ በአንድ ክበብ የመዋኛ ጠባቂ ሆኖ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ሰፊ። አማርኛው ውስጥ ዓረብኛ ጣል ያደርጋል። መዋኛ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ድንበሩን ተሻግሮ ቢደርሰው አንዲት ሻንጣ ይዞ መጣ። ጉድጓዱ ውስጥ ወረደና ከግድግዳው አንድ እፍኝ አፈር ቦጭቆ በምራቁ አሸት አሸት አደረገው። እኔ ከላይ ቆሜ አይ ነበር።

"መምህር፣ ይህ አፈር ክፉ ነው" አለው አባቴን። "በበጋ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ያብጣል። ከግድግዳው ጀርባ አውጥተው አሸዋና ጠጠር ካልሞሉበት ይገፋዋል። እዚያ ማዶ ሲያፈርስ በዓይኔ አይቻለሁ።"

አባቴ ሳቀ። የንቀት ሳቅ አልነበረም። "ተቋራጩ የተማረ ሰው ነው፤ እሱ ያውቅበታል። አንተ ልጆቹን ዋና አስተምርልን" አለው። ተቋራጩ ቶሎ ጨርሶ መሄድ ፈልጎ ነበር፤ አባቴም ሙቀቱ ሳይበረታ መዋኛው እንዲከፈት ፈልጎ ነበር። ያ የተሸከምነው ጠጠር ከግድግዳው ጀርባ ሳይገባ ለመግቢያው መንገድ ተነጠፈ። ሥራው በደንብ ተሠርቷል ብሎ የፈረመውም አባቴ ነው። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም፤ ብዙ ቆይቼ ነው የገባኝ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ውሃ ሞላ። እንዲያ ያለ ሰማያዊ ከተማችን ውስጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ሰው ዳር ዳሩን ከቦ ያያል። ሽማግሌዎች ጣታቸውን ነክረው ያሸታሉ። ልጆቹ ሲገቡ የተነሣው ጩኸት እስከ መናኸሪያው ተሰማ ይሉ ነበር።

ለሴቶች ልጆች አንድ ቀን ይሰጣቸው ያለው ዋናተኛው ነው። ቅዳሜ ጠዋት የእኛ ሆነ። የቅርብ ጓደኛዬ የአንድ ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ሃይማኖቱን ጠበቅ የሚያደርግ ሰው ስለሆነ መጀመሪያ አይሆንም አለ። ዋናተኛው ሱቁ ድረስ ሄዶ አነጋገረው። ምን እንዳለው አላውቅም። በማግስቱ ነጋዴው ራሱ የሰሊጥ ጭነት የሚሸፍንበትን ትልቅ ሸራ አምጥቶ አጥሩን ዙሪያውን ጋረደልን። ጓደኛዬ በሱሪና በረጅም ቀሚስ፣ ሻሿን አገጯ ሥር ቋጥራ ገባች። ስትስቅ ውሃው አፏ ይገባና ታስላለች፣ ከዚያ ደግሞ ትስቃለች።

ዋናተኛው ሲያስተምረን እጁ አንድም ቀን ነክቶን አያውቅም። ከጠርዙ ቆሞ ረጅም ሽመል ይዘረጋልናል፤ እኛ ጫፉን ይዘን እንንሳፈፋለን። ፈሪዋ እኔ ነበርሁ። ሽመሉን በሁለት እጄ አንቄ፣ አንገቴን ከውሃው በላይ ቀጥ አደርጋለሁ።

"ያ ቢንት" ይለኛል፤ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው። "ከውሃው ጋር አትታገዪ። ጆሮሽ ይግባ። ሰማዩን እዪ።"

አንድ ቅዳሜ ጆሮዬን ለውሃው ሰጠሁት። የከተማው ድምፅ በሙሉ፣ የጭነት መኪናው፣ የወፍጮው፣ የልጆቹ ጩኸት፣ በአንድ ጊዜ ጠፋ። የራሴ ልብ ብቻ ይመታል። ሽመሉን መቼ እንደለቀቅሁት አላወቅሁም። ቀና ስል ዋናተኛው ሽመሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ከሩቅ ቆሞ ይስቃል። "ታማም!" አለኝ፤ ጎበዝ፣ ደኅና ነው ማለቱ ነው። ዛሬም አንድ ሕፃን መርፌ ፈርቶ ሲታገለኝ "አትታገል፣ ወደ ላይ እይ" እለዋለሁ። ከማን እንደተማርሁት ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣሉ፤ ጥቁሩ አፈር ጫማ እየጎተተ ያስቀር ጀመር። በዚያው ሰሞን ከበላይ እንግዶች መዋኛውን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ሸሚዙን በቀን ሁለት ጊዜ ይቀይራል፤ ንግግሩን እየጻፈ ይቀድዳል። ውሃው ትንሽ አረንጓዴ መምታቱ እንቅልፍ ነሣው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ከጓደኛዬ ጋር ስመለስ በራችን ላይ አገኘኝ። "ሂጂና ለዋናተኛው ንገሪልኝ" አለኝ። "ውሃውን ጠቅላላ ያውጣው። ወለሉን በብሩሽ አጥቦ አዲስ ውሃ ይሙላበት። እንግዶቹ ሳይደርሱ ዛሬውኑ ይጀምር።"

ሁለታችን ሮጠን ሄድን። ዋናተኛው ቅጠል ከውሃው ላይ በመረብ ይለቅም ነበር። መልእክቱን ነገርሁት። መረቡን አስቀመጠና አየኝ።

"ጠቅላላ አለ?"

"አዎ፣ ጠቅላላ አለ።"

"ያ ቢንት፣ አሁን አይሆንም። አፈሩ አብጧል። ግድግዳውን ደግፎ የያዘው ውሃው ነው። ባዶ ከሆነ ከውጭ ይገፋዋል። ተመለሽና እንዲህ አለ በዪው። ግማሹን ላውጣና ግማሹን ላጽዳ፣ በዪው።"

ተመለስን። አባቴ ከሁለት የኮሚቴ ሰዎች ጋር ወደ ስብሰባ ሊወጣ ሲል ደረስሁበት። ጆሮው ላይ ነገርሁት። ፊቱ ተቆጣ፤ በሰዎቹ ፊት ስለሆነ ይመስለኛል። "የታዘዘውን ይሥራ፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ፣ በዪው" አለና ሄደ።

ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። እነዚህን ቃላት አንድም ሳላጎድል አደረስኋቸው። "ኸላስ፣ በቃ፣ ካለ ምን ይደረጋል" አለ ዋናተኛው፤ ውሃ መሳቢያ ሞተሩን አስነሣ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዝናብ ጣለ። ከነጋ በኋላ አባራ። ዋናተኛው ባዶው ገንዳ ውስጥ ወርዶ ወለሉን በብሩሽ ሲፈትግ ነው ግድግዳው የሄደው። እኛ ክፍል ውስጥ ነበርን። የከባድ መኪና ጎማ የፈነዳ ነበር የመሰለን። ሮጠን ስንደርስ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውስጥ ወድቋል፤ ከጀርባው ጥቁሩ አፈር እንደ ሊጥ ተንሸራቶ ገብቷል። ሰዎች ዋናተኛውን ደግፈው እያወጡት ነበር። ክንዱ ተንጠልጥሏል። እኛን ልጆቹን ሲያይ፣ "ራቁ! ጠርዙ ላይ አትቁሙ!" ብሎ ጮኸ።

ስብሰባው በሁለተኛው ቀን በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሆነ። ጠጠር የተሸከመ፣ ትራክተሩን የሰጠ፣ ልጁን ያስዋኘ ሁሉ መጥቷል። እኔና ጓደኛዬ መስኮቱ ሥር ቆምን። የሞተው ልጅ እናት ከሁሉ ቀድማ ተነሣች። "የልጄን መታሰቢያ ማነው ያፈረሰው? ይነገረን" አለች። አልተቀመጠችም፤ እንደቆመች ቀረች።

አባቴ ተነሣ። አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ ነበር፤ ለእንግዶቹ ያሰበውን። "ግንባታው ጉድለት የለበትም" አለ። "ውሃው በክረምት ጠቅላላ መውጣት አልነበረበትም። ጠባቂው ማንም ሳያዘው በገዛ ፈቃዱ አውጥቶታል።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ዋናተኛው ከኋላ ወንበር ላይ ክንዱን በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ቀስ ብሎ ተነሣ። "መምህር፣ እንዴት እንዲህ ይላሉ?" አለ። የተቆጣ አይመስልም፤ የተደናገረ ነው የሚመስለው። "አይሆንም ብዬ መልሼ ልኬልዎት የለም? ልጅዎት ናት መልእክቱን ሁለት ጊዜ ያመጣችው። ይቺውና፣ መስኮቱ ላይ አለች።"

ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

አባቴ በወንበሮቹ መሐል አልፎ ወደ መስኮቱ መጣ። እኔው ፊት ቆሞ ይክዳል ብዬ በሕልሜም አላሰብሁም ነበርና፣ የመጣው ተሳስቻለሁ ሊል መስሎኝ ነበር። "ልጄ" አለኝ። ድምፁ ቤት ውስጥ የምጠጣው ውሃ ስጪኝ እንደሚለኝ ለስላሳ ነው። "ውሃውን አውጣ በዪው ብዬ ልኬሽ ነበር?" ዓይኑ ግን ይለምነኝ ነበር። አባቴ ሰው ሲለምን አይቼ አላውቅም። አስፈራኝ። የጓደኛዬ ትከሻ ትከሻዬን ነክቶታል፤ እሷም አብራኝ ሰምታለች፤ እሷም ትጠብቃለች።

"አላስታውስም" አልሁ።

ጓደኛዬ ትከሻዋን ከትከሻዬ አነሣች። "ታስታውሻለሽ እኮ!" አለችኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ወደ አዳራሹ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ልትናገር ስትል ዋናተኛው ቀደማት።

"ተዉአት" አለ። "ልጅቷን አትጠይቋት። እኔ በደንብ ሳልሰማ ቀርቼ ይሆናል።" እኔን እያየ ነበር የተናገረው። ውሃ ውስጥ ስፈራ እንደሚያየኝ ነበር ያየኝ። ከዚያ በደኅናው እጁ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና በኋለኛው በር ወጣ። የልጁ እናት በመጨረሻ ተቀመጠች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌላ የጠየቀ ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን ዋናተኛው በጓደኛዬ አባት የጭነት መኪና መተማ ዮሐንስ ድረስ ሄዶ ድንበሩን በእግሩ ተሻገረ። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ከዚያም መቀመጫዋን ቀይራ ከፊት ረድፍ ሄደች። በትምህርት ቤቱ ያለን ጊዜ እስኪያልቅ ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም።

አባቴ ግን ለእኔ ጫማ ገዛልኝ። ቡናማ፣ ዘለበት ያለው፣ ልጆች ሁሉ የሚመኙት። ተንበርክኮ ራሱ አጠለቀልኝ። "ጎበዝ ልጅ ነሽ" አለኝ። ያ ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ ከምወደው ቃል ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ደብተሬ ላይ ሲጽፍልኝ ገጹን ቀድጄ አስቀምጥ ነበር። በዚያን ቀን ተበላሸ። አባቴ ዋናተኛውን እንደከዳው በስብሰባው ላይ አውቄያለሁ። እኔንም እንደከዳኝ ያወቅሁት ያን ጫማ ሲያስርልኝ ነው። ውሸቱን ብቻውን አልተሸከመውም፤ ግማሹን በእኔ አፍ አስነገረው፣ ከዚያም አመሰገነኝ።

ገንዳው ፈርሶ ተቀመጠ። ክረምት ክረምት ዝናብ ያቁርና እንቁራሪት ይጮህበታል፣ ትንኝ ይፈለፈልበታል። አጥሩን ሰው ወሰደው። ኋላ አፈር ሞሉበት፤ ዛሬ ባጃጆች ይቆሙበታል። ልጆቹ ወደ ወንዙ ተመለሱ። አባቴ በዓመቱ ወደ ቢሮ ሥራ ተዛወረ፤ ትንሽ ቆይቶም ጓዛችንን ጠቅልለን ጎንደር ገባን። ስለ መዋኛው ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም። እናቴ ብቻ አንዳንዴ ሙቀት ሲሆን ልትጀምር ትልና አባቴን አይታ ትተወዋለች።

ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ሰው በመተማ ዮሐንስ በኩል እየጎረፈ ሲገባ፣ ከሆስፒታላችን የተወሰንን ባለሙያዎች ለእርዳታ ወርደን ነበር። ስሜን ያስመዘገብሁት ቀድሜ ነው። ሰው ሁሉ አደነቀኝ። እኔ ግን ጸጉሩ የሸበተ ረጅም ሰው ባየሁ ቁጥር የደም ግፊቱን የምለካ መስዬ እጅጌውን እሰበስብና የክንዱን አጥንት እዳብሳለሁ። ተሰብሮ ጠምሞ የተጠገነ እፈልጋለሁ። ብዙ ክንድ ያዝሁ።

ጓደኛዬን ግን አገኘኋት። ከኬላው ብዙም ሳይርቅ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ አራት ልጆች ወልዳለች። አቅፋ ሳመችኝ። ሻይ አስመጣች። ስለ ልጆቻችን ተጫወትን። ልሄድ ስነሣ፣ "እሱን ፍለጋ ነው የመጣሽው" አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም።

"አይተሽዋል?"

"ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነበር። ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት ለዕቃ የሚመላለሱ ሰዎች ያዩት ነበር። አሁን ወሬው የለም።" ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ያን ቀን ልናገር ነበር እኮ" አለችኝ። "እሱ ነው ያስቆመኝ። መኪናው ላይ ሲወጣ አባቴን ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? 'ልጅህ ጓደኛዋን እንዳትወቅሳት፤ ያቺ ልጅ አባቷን ነው የመረጠችው' አለው።" የሰማሁትን ይዤ እስከ ማረፊያችን በእግሬ ሄድሁ። ባጃጅ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ አለፈኝ።

አባቴ አሁን እኔ ቤት ነው ያለው። ግራ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ንግግሩ ግን ደኅና ነው። ከመተማ እንደተመለስሁ አልጋው አጠገብ ተቀመጥሁና የት እንደነበርሁ፣ ማንን ስፈልግ እንደነበር ነገርሁት። ስሙን ሳልጠራ ገባው።

"አገኘሽው?" አለኝ።

"አላገኘሁትም።"

"ልጅ ነበርሽ፤ የረሳሽው መስሎኝ ነበር።"

"አንተስ? ረስተኸው ነበር?"

ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ይቅርታ እንዲለኝ ስጠብቅ ነበር፤ ለእኔ ባይሆን እንኳ ለዚያ ሰው አንዲት ቃል እንዲል። ውጭ የጎረቤት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ምሳው ይቀዘቅዝበታል ብዬ ሳህኑን አነሣሁና ማጉረስ ጀመርሁ። በሦስተኛው ጉርሻ ላይ በደኅናው እጁ እጄን ያዘው። ጣቶቹ ቀጥነዋል። እንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ።

እጄን አልነጠቅሁትም። እኔም መልሼ አልያዝሁትም። እስኪለቀኝ ድረስ እንዲሁ ተቀመጥሁ።